ኤልሲዲ ወይስ አሞሌድ? ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት የሁለተኛውን ስክሪን ዋጋ ጠይቁ

ባለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ የአክስቴ ልጅ ከሜክሲኮ አደባባይ ደወለችልኝ። አንድ ሞባይል ሱቅ ውስጥ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ሦስት ስልኮች ተደርድረዋል። አንዱ ያገለገለ አይፎን ኤክስ ኤስ ነው። ሁለተኛው ያገለገለ አይፎን 11። ሦስተኛው ካርቶኑ ያልተከፈተ ሳምሰንግ ኤ15።

«ሻጩ 11 አዲሱ ስለሆነ ስክሪኑም ይበልጣል አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ከአይፎን ወዲያ ስክሪን የለም ትላለች። አንተ ምን ትለኛለህ?»

ሁለቱም ተሳስተዋል። እንደ ፈረንጆቹ በ2018 የወጣው ኤክስ ኤስ ኦሌድ ስክሪን አለው። በዓመቱ የወጣው 11 ግን ኤልሲዲ ነው። ከሦስቱ ርካሽ መስሎ የታያት ኤ15 ደግሞ አሞሌድ ነው። ኤልሲዲ ከጀርባው ባለ መብራት ይበራል፤ ኦሌድ ግን እያንዳንዱ የምስል ነጥብ ለራሱ ይበራል፤ አሞሌድ የኦሌድ አንዱ ዓይነት ነው። የስልኩ ስምም ሆነ የወጣበት ዓመት የስክሪኑን ዓይነት አይነግራችሁም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ስልክ ጥሪ ምክንያት ነው።

ክርክሩ ከየት መጣ?

ስለ ስክሪን የሚደረገው ክርክር ከጊዮርጊስና ከቡና ደጋፊዎች ክርክር ብዙም አይለይም። ማልያ ለብሶ የመጣ ሰው ጨዋታውን አያይም፤ ቡድኑን ነው የሚያየው።

ነገሩ የጦፈው በ2010 ነው። አፕል አይፎን 4ን «ሬቲና» ብሎ አወጣ። ኤልሲዲ ነበር፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 326 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጥቦች) ይዟል። በዚያው ዓመት ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ጋላክሲ ኤስ በሱፐር አሞሌድ አመጣ። የሱ ፒክስል በኢንች 233 ገደማ ነበር፤ ጥቁሩ ግን እውነተኛ ጥቁር፣ ቀለሙም ደማቅ። አንዱ ወገን «የኛ ይጠራል» አለ፤ ሌላው «የኛ ይደምቃል» አለ። ሁለቱም እውነት ነበር። የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

በ2017 አፕል ራሱ በአይፎን ኤክስ ወደ ኦሌድ ዞረ። ስክሪኑን የሠራለትም ሳምሰንግ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የተሟገቱት ደጋፊዎች የተቀናቃኛቸውን ፋብሪካ ሥራ በኪሳቸው ይዘው መዞር ጀመሩ። ክርክሩ ግን አልቆመም።

የሚነግራችሁ ሰው ማን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋር ነውና።

በ2013 የታይዋን የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ ሳምሰንግን ቀጣ። ጥፋቱ በገንዘብ ሰው ቀጥሮ በኢንተርኔት ላይ የታይዋኑን ስልክ አምራች ኤችቲሲን ማስተቸትና የራሱን ስልክ ማስወደስ ነበር። ቅጣቱ 10 ሚሊዮን የታይዋን ዶላር ነው። በ2022 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንና ሰባት ግዛቶች ጉግልንና አይኸርት ሚዲያ የተባለውን የሬዲዮ ኩባንያ ከሰሱ። የሬዲዮ አቅራቢዎች ፒክስል 4 የተባለውን የጉግል ስልክ እንደተጠቀሙበት አድርገው በአየር ላይ አሞግሰውት ነበር። ብዙዎቹ ስልኩን በእጃቸው ይዘውት አያውቁም። ጉዳዩ በ9.4 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ።

እኛ ጋ መልኩ ይለያል። ስልኩን በቪዲዮ የሚገመግመው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ሻጭ ነው። ቪዲዮው ሲያልቅ የቴሌግራም ቻናሉንና የሱቁን አድራሻ ይሰጣችኋል። መሸጥ ነውር አይደለም። ነገር ግን መደርደሪያው ላይ የቀረውን ስልክ «ስክሪኑ ደካማ ነው» ብሎ የሚነግራችሁ ሻጭ ብርቅ ነው።

ስለዚህ አንድ ግምገማ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ድክመት መናገሩን ነው። ስልኩን ከማን እንዳገኘው ይናገራል? ፀሐይ ላይ አውጥቶታል ወይስ ስቱዲዮ መብራት ሥር ብቻ ነው ያሳየን? ቀኑንም እመለከታለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ ማለትም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት፣ የተሠራ ቪዲዮ «በዚህ ዋጋ ምርጡ» ቢላችሁ ያ ዋጋ ዛሬ የለም።

በምን እንለካ?

ከስልኩ በፊት መለኪያው ይቅደም። እኔ ስድስት ነገር አያለሁ። ሁሉም እኩል አይከብዱም።

*ፀሐይ።* አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይ እዚህ ቀልድ አያውቅም። ስታዲየም አካባቢ ታክሲ እየጠበቃችሁ የመጣ መልእክት ማንበብ ካልቻላችሁ የስክሪኑ ሌላ ውበት ምንም አይጠቅማችሁም። የስክሪን ብርሃን የሚለካው በኒትስ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ግን ሁልጊዜ የምታገኙት አይደለም። አይፎን 15ን ውሰዱ። አፕል ራሱ ሦስት ቁጥር ይሰጠዋል። በመደበኛ አጠቃቀም 1,000፣ ኤችዲአር የሚባል ደማቅ ቪዲዮ ላይ 1,600፣ ከቤት ውጭ ደግሞ እስከ 2,000 ኒትስ። አንዱ ድርጅት የመጀመሪያውን፣ ሌላው የመጨረሻውን ቢጽፍ ንጽጽሩ ከወዲሁ ተበላሸ። ኦሌድ ላይ ደግሞ ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው የስክሪኑ ትንሽ ክፍል ብቻ ሲበራ ነው። የምታወዳድሩት መደበኛውን ከመደበኛው ጋር ይሁን።

*ፊደል።* ይህን የውጭ ገምጋሚዎች አይነግሯችሁም። «ሉ» እና «ሊ»ን እዩ። የሚለዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው። አንዷ ወገቡ ላይ ናት፣ ሌላዋ ግርጌው ላይ። ስክሪኑ ትልቅ ሆኖ ፒክስሉ ካነሰ ጭረቷ ትደበዝዛለች። ሳምሰንግ ኤ05 6.7 ኢንች ስክሪን ላይ 720 በ1600 ፒክስል ነው ያለው። በኢንች 262 ገደማ ማለት ነው። ኤ15 በኢንች 396 ገደማ አለው። በአማርኛ ዜና፣ መጽሐፍ ወይም መዝሙረ ዳዊት ስልክ ላይ የምታነቡ ከሆነ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታዩታላችሁ። እናቴ ስልክ ስትቀይር ያስደሰታት ቀለሙ አልነበረም። «ፊደሉ ጠራልኝ» ነው ያለችው።

*የማታ ዓይን።* ብዙ ኦሌድ ስክሪኖች ብርሃን የሚቀንሱት ቶሎ ቶሎ በመጥፋትና በመብራት ነው። በሰከንድ 240 ጊዜ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ዓይናችን አያየውም፤ አንዳንድ ሰው ግን ጨለማ ውስጥ ሲያነብ ራሱን ያመዋል። አብዛኞቹ ኤልሲዲዎች ይህ ችግር ይቀንስባቸዋል። ማታ አልጋ ላይ ስልክ ስታዩ ዓይናችሁን የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ይህን አትለፉት።

*ባትሪ።* ኤልሲዲ ከጀርባው ያለው መብራት ሁልጊዜ እንደበራ ነው። ጥቁር ቢያሳይም ነጭ ቢያሳይም ያው ነው። ኦሌድ ግን እያንዳንዱ ፒክስል ለራሱ ይበራል፤ ጥቁሩ ጠፍቷል ማለት ነው። «ዳርክ ሞድ (ጥቁር ገጽ) አድርግ፣ ባትሪህ እጥፍ ይቆያል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ለክተውታል። ብርሃኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ቁጠባው በአማካይ ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ብርሃኑ 100 ላይ ሲሆን ከ39 እስከ 47 በመቶ ይደርሳል። ማለትም ቤት ውስጥ ብዙም ለውጥ የለውም፤ ፀሐይ ላይ ግን በእርግጥ ይጠቅማል።

*ማርጀት።* ኦሌድ የሚያበራው በኦርጋኒክ ቁስ ነው፤ ያ ቁስ እየሠራ ያልቃል። ሰማያዊው ቀድሞ ይደክማል። አንድ ምስል ለረጅም ሰዓት በአንድ ቦታ ከቆመ ጥላው ይቀራል። የራይድ ሹፌር የሆነ ጎረቤት አለኝ። ካርታውን ቀኑን ሙሉ፣ ብርሃኑን ጫፍ አድርሶ፣ ዳሽቦርድ ላይ ያበራዋል። ዓመት ሳይሞላ የካርታው ቁልፎች ጥላ ቪዲዮ ሲያይ ሁሉ ይታየው ጀመር። ፎቶና ቪዲዮ እያየ ለሚቀያይር ሰው ግን ይህ ጉዳይ ያን ያህል አያስፈራም።

*ሁለተኛው ስክሪን።* ለኔ ዋናው ይህ ነው። ስልክ ይወድቃል። የታክሲ ግፊያ አለ፣ ኮብልስቶን አለ፣ የሕፃን እጅ አለ። የመጀመሪያውን ስክሪን የመረጠላችሁ ፋብሪካው ነው፤ ሁለተኛውን የምትመርጡት እናንተ ከጥገና ቤቱ ጋር ሆናችሁ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። አሞሌድ ስልኬ ተሰብሮ አንድ ጥገና ቤት «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ቀየረልኝ። ቤት ገብቼ መብራት ሳጠፋ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ አየሁት። ስክሪኑ ሥር የነበረው የጣት አሻራም መሥራት አቆመ። ባትሪውም እንደድሮው አይውልም ነበር። የገጠሙልኝ ኤልሲዲ ነበር።

የኦሌድ ስልክ ምትክ ብዙ ደረጃ አለው። ርካሹ «ኢንሴል» የሚሉት ነው። እሱ ኤልሲዲ ነው። ጠርዙ ይወፍራል፣ የስክሪን ሥር አሻራ ያጠፋል። ከሱ በላይ «ሃርድ ኦሌድ» አለ። ኦሌድ ነው፣ ግን መስታወት ላይ ስለተሠራ ሲወድቅ ቶሎ ይሞታል። «ሶፍት ኦሌድ» ፕላስቲክ ላይ የተሠራ ነው፤ ለፋብሪካው ቅርብ ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ ከፍ ይላል። ከዚያ ከሌላ ስልክ የወጣ ኦሪጅናል ይመጣል። ምስሉ ደህና ሆኖ ላዩ ብቻ ከተሰነጠቀ መስታወቱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ያ ግን ማሽንና የለመደ እጅ ይፈልጋል። «ከተበላሸ ማን ይከፍላል?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሪፍሬሽ ሬት የሚባለውን፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ ምስሉን የሚያድስበትን ብዛት (90ና 120 ሄርዝ)፣ ከስድስቱ ውስጥ ያላስገባሁት ረስቼው አይደለም። ወደላይና ወደታች ስታንሸራትቱ ለስላሳ ያደርገዋል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ደካማ የሆነ ስልክ ላይ 90 ሄርዝ የተጻፈው ካርቶኑ ላይ ይቀራል።

አማራጮቹ

*ርካሽ ኤልሲዲ፣ 720 ፒክስል።* ኤ05 እና ሬድሚ 13ሲ እዚህ ይገባሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አዲስ ስልክ በዝቅተኛ ዋጋ ታገኛላችሁ፤ ቢሰበር የሚተካው ኤልሲዲ በኤልሲዲ ስለሆነ ብዙ አትታለሉም፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ፀሐይ ላይ ግን ይቸገራል። ፊደሉም አይጠራም። ለስልክ ጥሪ፣ ለቴሌብርና ለአጭር መልእክት በቂ ነው።

*ጥሩ ኤልሲዲ።* የዚህ ጎራ ንጉሥ ያገለገለው አይፎን 11 ነው። በኢንች 326 ፒክስል፣ መደበኛ ብርሃኑም 625 ኒትስ ነው። የሚገርማችሁ የኤክስ ኤስም 625 ነው። ስለዚህ «ኦሌዱ ፀሐይ ላይ ይሻላል» ብሎ ኤክስ ኤስን የሚገዛ ሰው ለዚያ ምክንያት ባይገዛው ይሻላል። ጥላ አይቀርበትም፣ ማታም ለዓይን ቀለል ይላል። ጥቁሩ ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ግራጫ ነው። ፊልም ማታ የሚያይ ሰው ያስተውለዋል።

*መካከለኛ አሞሌድ፣ አዲስ።* ኤ15 እና ሬድሚ ኖት 13። የመጀመሪያው 90፣ ሁለተኛው 120 ሄርዝ ናቸው። በኔ እይታ ለብዙው የአዲስ አበባ ሰው ሚዛኑ የሚደፋው እዚህ ነው። ፊደሉ ይጠራል፣ ፀሐይ ላይም ይነበባል፣ ማንም ያልነካው ስክሪን ነው። ሬድሚ 13ሲና ሬድሚ ኖት 13 ስማቸው ስለተመሳሰለ እንዳትሳሳቱ። «ኖት» የምትለዋ ቃል የስክሪኑን ዓይነት ቀይራዋለች።

*ያገለገለ ውድ ኦሌድ።* ኤክስ ኤስ፣ አይፎን 12፣ የሳምሰንግ ኤስ ተከታታዮች። ሲሠራ እጅግ ያምራል። ኤክስ ኤስ በኢንች 458 ፒክስል አለው። ችግሩ ከእናንተ በፊት ምን እንደደረሰበት አለማወቃችሁ ነው። ስክሪኑ ተቀይሮ ይሆናል። ጥላ ይዞ ይሆናል። አንዳንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች የምትወርድ አረንጓዴ መስመር አንድ ቀን ድንገት ትወጣለች፤ ከወጣች ስክሪን ከመቀየር ሌላ መፍትሔ የላትም። ጠርዙ የታጠፈ ከሆነ ደግሞ ፕሮቴክተሩ በደንብ አይለጠፍም፣ ምትኩም ይወደዳል።

| መለኪያ | ርካሽ ኤልሲዲ | ጥሩ ኤልሲዲ (አይፎን 11) | አዲስ መካከለኛ አሞሌድ | ያገለገለ ውድ ኦሌድ |
|---|---|---|---|---|
| ፀሐይ ላይ | ደካማ | ደህና | ጥሩ | ከደህና እስከ በጣም ጥሩ |
| የፊደል ጥራት | ደካማ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ማታ ለዓይን | ብዙ ጊዜ ቀላል | ቀላል | ለአንዳንዱ ይከብዳል | ለአንዳንዱ ይከብዳል |
| ጥላ መቅረት | የለም ማለት ይቻላል | የለም ማለት ይቻላል | ከጊዜ በኋላ | ተይዞ ሊመጣ ይችላል |
| ምትክ ስክሪን | ርካሽ | መካከለኛ | ከፍ ያለ፣ ኢንሴል ተጠንቀቁ | ውድ፣ ኢንሴል ተጠንቀቁ |
| ሲገዛ ያለው አደጋ | ትንሽ | መካከለኛ | ትንሽ | ትልቅ |

ለማን የትኛው?

ለእናትና ለአባት የምትገዙ ከሆነ ፊደል ይቅደም። ትንሽ ጨምራችሁ መካከለኛ አሞሌድ ግዙላቸው፤ የፊደሉንም መጠን አሳድጉላቸው። ገንዘቡ ካልበቃ 720 የሆነውንም ቢሆን ስክሪኑ አነስ ያለውን ምረጡ። ያው ፒክስል ትንሽ ቦታ ላይ ሲሰበሰብ ይጠራል።

ለሹፌር ኤልሲዲ። አልከራከርም። የጎረቤቴን ስክሪን አይቻለሁ።

ተማሪ ሆናችሁ ማታ ማታ ፒዲኤፍ የምታነቡ ከሆነ መጀመሪያ ዓይናችሁን ፈትኑ። የጓደኛ አሞሌድ ስልክ ተዋሱና ብርሃኑን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት አንብቡበት። ካላመማችሁ አሞሌድ ግዙ። ካመማችሁ ጥሩ ኤልሲዲ ፈልጉ።

ለፎቶና ለቪዲዮ ሥራ ኦሌድ ያስፈልጋል፤ ያገለገለ ውድ ስልክ ትርጉም የሚሰጠው እዚህ ነው። የስክሪን መቀየሪያ ገንዘብ ግን ለብቻው አስቀምጡ። እሱን ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ስልኩ ከአቅማችሁ በላይ ነው።

ሱቁ ውስጥ

መጀመሪያ ካርቶኑን ወይም ዝርዝሩን አንብቡ። አይፒኤስ፣ ፒኤልኤስ ወይም ቲኤፍቲ የሚል ካለ ኤልሲዲ ነው። አይፎን ላይ «ሊኩዊድ ሬቲና» ኤልሲዲ ነው፣ «ሱፐር ሬቲና» ደግሞ ኦሌድ።

ከዚያ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ፎቶ ክፈቱና ስልኩን በጃኬታችሁ ሸፍናችሁ እዩት። ኦሌድ ከሆነ የጠፋ ይመስላል። ግራጫ ብርሃን ከታያችሁ ኤልሲዲ ነው። ሻጩ «አሞሌድ ነው» እያለ ግራጫ ካያችሁ ወይ ስክሪኑ ተቀይሯል፣ ወይ ሻጩ ተሳስቷል። ጥላ ለማየት ሙሉ ግራጫ ፎቶ ይሻላል። ኪቦርዱ የሚወጣበትን ቦታና ከላይ ሰዓቱ ያለበትን ጫፍ አተኩራችሁ እዩ። ሳምሰንግ ከሆነ መደወያው ላይ *#0*# ጻፉ፤ በአብዛኞቹ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያሳይ መፈተሻ ይከፍታል። አይፎን 11ና ከሱ በኋላ የወጡት ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱ። ስክሪኑ የፋብሪካው ካልሆነ ይናገራል።

ከዚያ ስልኩን ይዛችሁ ከሻጩ ጋር በር ላይ ውጡ። «ወንድሜ፣ ፀሐይ ላይ ልየው» ብትሉት የሚከፋ ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም። ብርሃኑን ጨርሳችሁ ክፈቱና አንድ የአማርኛ ዜና አንብቡ።

የአክስቴ ልጅ ያን ዕለት ምንም ሳትገዛ ወጣች። መንገድ ተሻግራ ሁለት ጥገና ቤት ገባች፤ የሦስቱንም ስክሪን ዋጋ በየደረጃው ጠይቃ ወረቀት ላይ ጻፈች። ሰኞ ኤ15ን ገዛች።